ሳይቃጠል በቅጠል

ከሌሊቱ አስራ አንድ፣ ቂርያት ጋት ተኝታ፣
ጉም ተከናንቦ የላኪሽ ኮረብታ፣
የታንከሩን ግማሽ በውሃ ሞልቼ፣
የመዳቡን ዱቄት መዝኜ አስገብቼ።
ውሃው ይቅደም፤ ዱቄት ይከተል በኋላ፤
ተራው ከተዛባ ይረጋል እንደ አተላ።
ለአንድ ዱናም ስንት፣ ግራም በግራም ነው፣
ኦርና በእጇ ጽፋ በር ላይ የለጠፈችው።

ፕራሰርት ከኢሳን፣ እኔ ከወገራ፣
በሃያ ቃል ዕብራይስጥ ስንሠራ፣ ስናወራ፣
ጭንብል አጥልቀናል፤ ዓይን ብቻ ነው ያለን፤
ነፋስ ሳይነሳ ነው ሥራው የሚያልቅልን።

አምና ነው ነገሩ።
በአዳር ወር ነበረ፤ ባንድ አዳር ነበረ።
ሦስት ቀን ዘንቦ፣ ካፊያው እንደ ቀረ፣
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በሦስተኛው ትልም፣
አንዲት ቅጠል አየሁ፣ ጫፏ የጥላሸት ቀለም፤
ገልብጬ ባያት ከጀርባዋ በኩል
ነጭ ሽበት አብቅላለች፣ የጥጥ ብናኝ የሚመስል።
ለኦሃዮን ነገርኩት። ሰዓቱን አየና፣
«ሰንበት ገብቷል» አለኝ፣ «አንድ ቅጠል ናትና፤
እሑድ እናያለን።»

እሑድ አየን።

መቶ ሃያ ዱናም፣ ምች እንደ መታው ሰው፣
አንገቱን ደፍቶ ነው ጠዋት ያገኘነው፤
ሽታው የሚቀበል ከአውቶቡስ ማቆሚያ፣
የበሰበሰ ጎመን፣ የተዘጋ ጓዳ።
ያኔ ነው የረጨን። አፈሰስን፣ አፈሰስን፣
የሞተ ቅጠል ላይ ሰማያዊ ከፈን።

ኦርና መጥታ፣ ጎንበስ ብላ ቆየች፤
«መዳብ አያድንም፤ ይጠብቃል» አለች።
«ዘበኛ ነው እንጂ ሐኪም አይደለም፤
ሌባው ቤት ከገባ ዘበኛ አይጠቅምም።»
«ሳይቃጠል በቅጠል»፣ ከልጅነት ያወቅሁት፣
የተቃጠለ ቅጠል ላይ ገና አነበብኩት።

አባቴ ጀምበሩ ቀጥቃጭ ነበረ፤
ማረሻ ሲያወጣ፣ ማጭድ ሲስል ኖረ።
ቀን ማረሻ አሠርቶ መርቆት የሄደ
ልጁን ባመመው ለት «ቡዳ ነው» ሲል ፈረደ።
«ብረት የነካ እጅ ሰብል ያደርቃል» ሲሉ፣
ወናፉ ነበረ የአባቴ መልስ፣ ቃሉ።

አሁን የመርጫው አፍ፣ አራተኛው፣ ተደፍኗል።
በአፌ ልንፋው ስል ፕራሰርት እጄን ያዘኝ፤
«ሎ፣ ሎ!» አለና የጥርስ ብሩሽ ሰጠኝ።
ምን ያውቃል፣ እፍ ማለት ለእኛ ቤት ሙያ ነው።
ጎንበስ ብዬ ፈገፈግኩት፤ ሳለ፤ ተከፈተ፤ ጭጋግ ሆነ፤
አባቴ በመዶሻ ይገራው የነበረ ማዕድን
በልጁ እጅ ተነነ፣
ወርዶም በየቅጠሉ ላይ ስስ ልብስ ሆነ።

ኦርና ግን መዝገብ ይዛ ትቆጥራለች፦
«መዳብ አይበሰብስም፤ ነቅሎም አይሄድም፤
የረጨነው ሁሉ እዚሁ ነው፤ አፈር አይረሳም።
ከበዛ የምድር ትሉም ይሞታል» ትላለች።
እናም እንቆጥባለን። ጠብ ያለችው ሁሉ ተጽፋለች።
እኔ ዝም ብዬ አስባለሁ፦
እንግዲህ ከጀምበሩ ቤት አንድ ነገር
የማይነቀል ሆኖ ገብቷል እዚህ አፈር።
ደግ ይሁን፣ ክፉ፣ መጠኑ ነው የሚናገር።

ማታ እናኑ እጄን አይታ፣ «ዛሬም ሰማያዊ?»
ሎሚ፣ አመድ፣ ሳሙና፤ ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም።
«ተይው» አልኳት። የአባቴ ጥፍር ጥቁር ነበር፤
እሱም ታጥቦ አልለቀቀም።

እኩለ ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ተንኳኳ።
ዝናብ።
ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤
በጣቶቼ ቆጠርኩ፦
ከረጨን ወዲህ ስንት ሰዓት ጸሐይ ነበረ?
ደርቋል። ይበቃዋል።
ይበቃው ይሆን?